«ሌሊቴን ቀን አደረጋችሁብኝ»፦ የፔሮል ሶፍትዌር ላይ የራስን ቀመር ስለመጻፍ

ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና ማበጠሪያ ደመወዝ የምሠራው እኔ ነኝ። የምከፍለው ለሦስት ዓይነት ሰው ነው፦ ለወር ደመወዝተኞች፣ በፈረቃ ለሚሠሩ ጥበቃዎች፣ የቡናው ወቅት ሲደርስ ደግሞ በኪሎ እየተመዘነላቸው ቡና ለሚለቅሙ ሴቶች። ፔሮሉን፣ ማለትም የደመወዝ ስሌቱን፣ ለዓመታት በኤክሴል ስሠራ ኖሬ አንድ ቀን ሶፍትዌር ተገዛልን። የሸጡልን ልጆች ከአዲስ አበባ መጥተው ሁለት ቀን አሠለጠኑን፣ ቀመሮቹን ራሳቸው ሞልተውልን ሄዱ። እኔም በኮምፒውተር የተሠራ ነገር ይሳሳታል ብዬ አላሰብኩም።

በሦስተኛው ወር፣ ሐሙስ ቀን፣ ግማሹ ሠራተኛ ብሩን ይዞ ወደ ሂርማታ ገበያ ሊሮጥ ተሰልፎ ሳለ፣ አንድ አዛውንት ጥበቃ ጠርዙ የተበላ ደብተር ይዘው ቢሮ ገቡ። «ልጄ፣ ሌሊቴን ቀን አደረጋችሁብኝ» አሉኝ። ደብተሩ ላይ ተረኛው ሳይመጣ የቀረባቸው ሁለት ሌሊት ተጽፏል፤ ሁለቱንም ጊዜ ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት በትርፍ ሰዓት ቆይተዋል። ድምሩ 8 ሰዓት ነው። ሶፍትዌሩ ግን የከፈላቸው በቀን ተመን ነበር።

ያን ቀን ማታ ቀመሩን ከፍቼ አየሁት። ከዚያ በኋላ የሌላ ሰው ቀመር ሳላነብ ፔሮል አጽድቄ አላውቅም። ቀጥሎ ያለው ከዚያ ወዲህ የምሠራበት መንገድ ነው። ቀመሮቹን እዚህ በአማርኛ እጽፋቸዋለሁ። ኤክሴልም ሆነ ኦዱ (Odoo) የሚባለው የድርጅት ሶፍትዌር ትእዛዙን የሚቀበሉት በእንግሊዝኛ ቢሆንም «ከሆነ» (if)፣ «ትንሹ» (min)፣ «ትልቁ» (max) የሚሉት ሁሉም ጋ አሉ።

መጀመሪያ በአፍ፣ ከዚያ በእጅ

ሕጉን በአንድ ትንፋሽ ለጥበቃው ማስረዳት ካልቻልኩ ቀመሩን መጻፍ አልጀምርም። ለምሳሌ ትርፍ ሰዓትን እንዲህ እለዋለሁ፦ «ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሠሩት በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 የሠሩት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል ይባዛል።» ይህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚለው ነው። የምንባዛው የሰዓት ደመወዙን ነው።

እዚህ ላይ አፋችሁ ይያዛል። የወር ደመወዝተኛ የሰዓት ደመወዙ ስንት ነው? አንዳንዱ ድርጅት ወሩን ለ240 ያካፍላል፤ 30 ቀን በ8 ሰዓት ማለት ነው። እኛ ለ208 እናካፍላለን፤ በሳምንት 48 ሰዓት፣ ሲባዛ 52 ሳምንት፣ ሲካፈል ለ12 ወር። የአዛውንቱ ደመወዝ 6,240 ብር ነው። ለ208 ሲካፈል በሰዓት 30 ብር፣ ለ240 ሲካፈል 26 ብር ይሆናል። ይህን ልዩነት ቀመር ጻፊው በራሱ ፈቃድ ሊወስነው አይገባም። እኔ ሥራ አስኪያጁን በጽሑፍ አስወስኜ ደብዳቤውን ፋይል አድርጌዋለሁ። ሠራተኛ ሲጠይቅ የማሳየው ደብዳቤውን ነው።

ሌሊቱ የጠፋበት መስመር

አሠልጣኞቹ የጻፉት ቀመር ይህ ነበር፦

መነሻ ሰዓት >= 22 እና መነሻ ሰዓት < 6 ከሆነ 1.75፣ አለበለዚያ 1.5

ለዓይን ትክክል ይመስላል። ሶፍትዌሩ ሰዓት የሚቆጥረው በፈረንጅ 24 ሰዓት ስለሆነ የእኛ ምሽት 4 ሰዓት 22፣ ንጋት 12 ደግሞ 6 ነው። ግን ከ22 የሚበልጥም ከ6 የሚያንስም ቁጥር በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ «እና» እስካለ ድረስ ሁኔታው አንድም ቀን እውነት አይሆንም፤ የሁሉም ሌሊት ቀን ሆኖ ይቀራል። «እና» የሚለውን በ«ወይም» ብንተካው የአዛውንቱ ሁለት ሌሊት ይስተካከላል። በሰዓት 7 ብር ከ50 ልዩነት ነው፤ በ8 ሰዓት 60 ብር። 60 ብር ትንሽ ናት የሚል ካለ እኚያን ሰው ደጅ ላይ ሄዶ ይንገራቸው።

ይህ ጥገና ግን ለሌላው ጥበቃ አልበቃም። እሱ መደበኛ ሥራው በምሽቱ 1 ሰዓት ያልቅና አንዳንዴ እስከ 5 ሰዓት ይቆያል። መነሻው 19፣ ማብቂያው 23 ነው። ቀመሩ የሚያየው መነሻውን ብቻ ስለሆነ አራቱንም ሰዓት በቀን ተመን ይከፍለዋል፤ የመጨረሻዋ አንድ ሰዓት ግን ሌሊት ናት። ስለዚህ «ሌሊት ነው ወይስ ቀን?» ብሎ መጠየቁን ትቼ «ስንቱ ሰዓት ሌሊት ነው?» ወደሚለው ዞርኩ፦

መነሻ < 6 ከሆነ፣ መነሻ = መነሻ + 24
ማብቂያ <= መነሻ ከሆነ፣ ማብቂያ = ማብቂያ + 24
የሌሊት ሰዓት = ትልቁ(0፤ ትንሹ(ማብቂያ፤ 30) − ትልቁ(መነሻ፤ 22))
የቀን ሰዓት = ማብቂያ − መነሻ − የሌሊት ሰዓት

30 የተባለው ንጋት 12 ሰዓት ነው፤ እኩለ ሌሊትን የተሻገረ ሰዓት ላይ 24 ስለጨመርንበት። ከ19 እስከ 23 ያለውን አስገቡበት። ትንሹ 23፣ ትልቁ 22፣ ልዩነቱ 1። አንድ ሰዓት ሌሊት፣ ሦስት ሰዓት ቀን። ደመወዙ የአዛውንቱን ያህል ከሆነ 3 በ45 ሲደመር 52.50፣ ጠቅላላ 187 ብር ከ50። በድሮው ቀመር 180 ነበር።

የፈረቃ መዝገቡ በወረቀት ለሆነ ሰው አንድ ወጥመድ አለ። ጥበቃው «1 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል፣ ጸሐፊዋም 1 ብላ ታስገባለች፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለችውን አንድ ሰዓት ይረዳል፤ በእኛ ሌሊቱ 7 ሰዓት ማለት ነው። ስድስት ሰዓት የመጨመሩን ሥራ ቀመሩ ውስጥ አትክተቱት፤ «1 ሰዓት» ጠዋት ይሁን ማታ ቀመሩ ሊያውቅ አይችልም። እኛ መዝገቡ ላይ «ቀን» እና «ማታ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሠምረን ጨረስነው።

አዋጁ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥም ይላል። ይህን ቀመር ላይ አስገብቶ ከ12 በላይ ያለውን የሚቆርጥ ድርጅት አይቻለሁ። እኔ አልቆርጥም። ሰውየው ከሠራ ሠርቷል። ከ12 ሲያልፍ መስመሩ ቀይ እንዲሆን ነው ያደረግኩት፤ ቀዩ ለአለቃው ነው እንጂ ለሠራተኛው ኪስ አይደለም።

የሁኔታዎቹ ቅደም ተከተልም ዋጋ አለው። በዓሉ እሑድ ላይ ቢውል ሁለት ክፍያ የለም፤ የሚከፈለው አንዱ ነው። ስለዚህ ቀመሩ መጀመሪያ «በዓል ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ካልሆነ «የሳምንት ዕረፍት ነው?»፤ እሱም ካልሆነ ወደ ሌሊትና ቀን ክፍፍሉ ይውረድ። በዓላቱን ራሳቸውን ቀመር ውስጥ እንዳትጽፉ። ዒድ በጨረቃ ነው። እንቁጣጣሽ እንኳ በፈረንጅ አቆጣጠር አንዳንድ ዓመት ሴፕቴምበር 11፣ በአራት ዓመት አንዴ 12 ይውላል። የበዓል ሠንጠረዥ ለብቻው ይኑር፣ በየዓመቱ ይሞላ።

ቁጥር ቀመር ውስጥ አይተኛም

ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ የሥራ ግብር ሠንጠረዡ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተቀየረ። እስከ 2,000 ብር ያለው ነጻ ሆነ። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ ሲቀነስ 300፣ እስከ 7,000 ድረስ 20 በመቶ ሲቀነስ 500፣ እስከ 10,000 ድረስ 25 በመቶ ሲቀነስ 850፣ እስከ 14,000 ድረስ 30 በመቶ ሲቀነስ 1,350፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ሲቀነስ 2,050።

የእኛ ሶፍትዌር ውስጥ የድሮዎቹ ቁጥሮች በየቀመሩ ተበትነው ነበር፤ በወር ደመወዙ ቀመር፣ በቦነሱ፣ በዓመት ፈቃድ ክፍያው፣ በስንብቱ። ሰባት ቦታ አገኘኋቸውና ስድስቱን ቀየርኩ። የሳትኩት የቦነሱን ነበር፤ እሱ አሁንም 35 በመቶ ሲቀነስ 1,500 ይል ነበር። ጥቅሉ፣ ማለትም ምንም ሳይቀነስበት ያለው ገቢው፣ 15,000 ብር የሆነ ሰው በአዲሱ 3,200 ብር ግብር ሲኖርበት በድሮው 3,750 ተቆረጠበት፤ 550 ብር ያለ አግባብ።

የባሰው ደግሞ የኋላው ነው። አንድ ሠራተኛ ለባንክ ብድር የሰኔን የደመወዝ ወረቀት ጠየቀኝ። ሰኔን ከፍቼ ሳትም ሶፍትዌሩ በአዲሱ ሠንጠረዥ እንደገና አስልቶ ሌላ የተጣራ ደመወዝ አወጣ። ባንኩ በሰውየው ሒሳብ ላይ ከገባው ብር ጋር አስተያይቶ መለሰው።

ስለዚህ የግብር ሠንጠረዡን አንድ ቦታ አስቀምጡት፤ ዓምዶቹ «ከስንት ብር ጀምሮ»፣ «በመቶኛ»፣ «ተቀናሽ»፣ «ከመቼ ጀምሮ» ይሁኑ። ቀመሩ የሚፈልገው የፔሮሉ ወር ላይ ጸንቶ የነበረውን መስመር ነው። አዲስ አዋጅ ሲመጣ የድሮው መስመር አይሰረዝም፤ ከሥሩ አዲስ ይጨመራል። የትራንስፖርት አበል ከግብር ነጻ የሚሆንበት ጣሪያም፣ የጡረታው መቶኛም፣ 208 የምትለዋም እዚያው ይግቡ።

ሠንጠረዡን ስታስገቡ የምትፈትኑበት ቀላል መንገድ አለ። ድንበር ላይ ሁለቱ መስመሮች አንድ ዓይነት መልስ መስጠት አለባቸው። 7,000 ብርን በ20 በመቶው መስመር አስሉት፦ 1,400 ሲቀነስ 500፣ 900። በ25 በመቶው፦ 1,750 ሲቀነስ 850፣ ያው 900። ካልተገናኙ አንድ አኃዝ ተሳስታችሁ መታችኋል ማለት ነው። አምስቱን ድንበሮች ለመፈተሽ ሁለት ስኒ ቡና የሚጠጣበትን ጊዜ እንኳ አይወስድም።

ተራው ማን ነው?

ሶፍትዌሩ ቀመሮቹን በተራ ቁጥር ያስላቸዋል። መሠረታዊ ደመወዝ፣ ከዚያ አበልና ትርፍ ሰዓት፣ ከዚያ ጥቅል፣ ከዚያ ግብር፣ ከዚያ ጡረታ፣ ከዚያ ሌላው ተቀናሽ። ግብሩ ከትርፍ ሰዓቱ ቀድሞ ከተሰላ ስህተት የሚል መልእክት አይመጣም፤ ትርፍ ሰዓቱ ዝም ብሎ ከግብር ያመልጣል። ተራ ቁጥሮቹን 10፣ 20፣ 30 እያላችሁ አራርቋቸው፤ ነገ መሃል ላይ የሚገባ አይጠፋም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጡረታ ላይ ነው። የሠራተኛው 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ የሚሰሉት ከመሠረታዊ ደመወዙ ነው እንጂ ከጥቅሉ አይደለም። ግብር የሚሰላውም ጡረታው ሳይቀነስ ነው። አዛውንቱን በሌላ ወር እንያቸው፦ መሠረታዊ 6,240፣ የሌሊት 8 ሰዓት በ52.50 ሲሆን 420፣ የበዓል ትርፍ ሰዓት 4 በ75 ሲሆን 300። ጥቅሉ 6,960። ግብሩ 1,392 ሲቀነስ 500፣ 892። ጡረታው ከ6,240 ላይ 436 ብር ከ80። የተጣራው 5,631 ብር ከ20። ጡረታውን ከጥቅሉ ብታሰሉት 487 ብር ከ20 ይመጣል፤ 50 ብር ከ40 ያለ አግባብ ተቆረጠ ማለት ነው።

የብድርና የጉድለት ቅነሳ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ እዚህ ሲሶ የምትባለውን አስታውሱ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ ደመወዝ እንዳይቆረጥ ይላል፤ ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳያልፍ። የ6,240 ሲሶ 2,080 ነው። የብድር ክፍያው 1,500፣ የመጋዘን ጉድለቱ 900 ቢሆን ድምሩ 2,400 ይሆናል፤ አይቻልም። እኛ ብድርና ጉድለትን የምንይዘው እንዲህ ነው፦

ቀሪ ቦታ = የደመወዝ ሲሶ − እስካሁን የተቀነሰ
የዛሬ ቅነሳ = ትልቁ(0፤ ትንሹ(ዕዳ፤ ቀሪ ቦታ))
ወደሚቀጥለው ወር = ዕዳ − የዛሬ ቅነሳ

ከ900ው 580 ዛሬ ይቀነሳል፣ 320 ለሚቀጥለው ወር ያድራል። ሦስተኛውን መስመር የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ 320 ብሯ ከመዝገብ ትጠፋና ኦዲት ሲመጣ እኔን ትፈልገኛለች።

ለቃሚዎቹ

ቡና ለቃሚዎቹ የሚከፈላቸው በ15 ቀን ነው። ቀመሩ በኪሎ ተመኑ ማባዛት ብቻ ይመስላል። ግን ግብሩ በወር ነው። አንዷ በመጀመሪያው 15 ቀን 1,900፣ በሁለተኛውም 1,900 ብታገኝ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን እንደ ሙሉ ወር አይቶ «ከ2,000 በታች፣ ነጻ» ይላል። የወሩ ግን 3,800 ነው፤ ግብሩ 570 ሲቀነስ 300፣ 270 ብር። ስለዚህ፦

የዛሬ ግብር = ግብር(በወሩ እስከ ዛሬ የተገኘ ጥቅል) − በዚሁ ወር ቀድሞ የተቀነሰ ግብር

ቀመሩ ትክክል ነው፤ ያመጣው ጣጣ ግን ሌላ ነው። 270 ብሩ በሙሉ ሁለተኛው ክፍያ ላይ ይወድቃል። በሁለቱም 15 ቀን እኩል ለቅመው እኩል ያላገኙት ሴቶች «ሚዛኑ ተሰርቋል» ብለው ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ሚዛኑ ደህና ነበር፤ አስቀድሜ ስላልነገርኳቸው ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። አሁን የክፍያ ወረቀታቸው ላይ «የወሩ ጠቅላላ» የሚል መስመር አለ፤ በወቅቱ መጀመሪያ ላይም በአማርኛም በኦሮምኛም እናስረዳለን።

የዓመት ፈቃዱን በአጭሩ ልለፈው። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን፦ 16 + ወደ ታች ማጠጋጋት((የአገልግሎት ዓመት − 1) ÷ 2)። ሦስት ዓመት 17፣ አምስት ዓመት 18 ይሰጣል። «ወደ ታች» የሚለው ካልተጻፈ ሶፍትዌሩ 16.5 ቀን ይሰጣችኋል።

ጳጉሜንም እንዳትረሷት። ነሐሴ 20 የተቀጠረ ሰው የነሐሴ ደመወዙ 11 ቀን ከ30 ነው። በፈረንጅ ቀን የሚቆጥር ሶፍትዌር ግን ጳጉሜን ጨምሮ 16 ቀን ወይም 17 ቀን ይለዋል። ቀመሩ ላይ ትንሹ(የማብቂያው ቀን ቁጥር፤ 30) ብላችሁ የወሩን ማብቂያ ገድቡት።

ከማጽደቅ በፊት

አዲስ ቀመር ስጽፍ አንድ ወር ሙሉ ከድሮው ጎን ለጎን አስኬደዋለሁ፤ ክፍያው በድሮው ይወጣል፣ አዲሱ ለማየት ብቻ ነው። ልዩነት ያመጣውን እያንዳንዱን ሰው በእጄ በካልኩሌተር አሰላለሁ። የፈተና ሰዎችም አሉኝ፤ ስማቸው የውሸት ነው። አንዱ ልክ 2,000 ብር ያገኛል፣ አንዱ 2,001፣ አንዱ ወሩን ሙሉ ቀርቷል፣ አንዱ እኩለ ሌሊት ላይ ነው ሥራ የሚጀምረው፣ አንዷ ከሲሶ በላይ ዕዳ አለባት፣ አንዱ ጳጉሜን 3 ተቀጠረ። ቀመር የሚበላሸው እንዲህ ያሉ ሰዎች ላይ ነው። በቀመሩ ማስታወሻ ቦታ ላይ ቀኑን፣ ያሻሻልኩትን ነገርና ያዘዘኝን ደብዳቤ ቁጥር እጽፋለሁ።

ከእውነተኞቹ ደግሞ አዛውንቱ አሉ። ወሩ 25 ሲደርስ ደብተራቸውን ያመጡልኛል፣ ፎቶ ኮፒ አደርገዋለሁ፣ ከሶፍትዌሩ ጎን አስቀምጬ መስመር በመስመር አያለሁ። ባለፈው 7 ብር ከ50 ተለያየን። ሁለታችንም ተቀምጠን ብንፈልግ፣ አንዱን ሌሊት እሳቸው እስከ 9 ሰዓት ጽፈውታል፤ የበሩ መዝገብ ላይ ተረኛው የፈረመው 8 ሰዓት ላይ ነው። የአንድ ሰዓት ልዩነት ቢሆን 52 ብር ከ50 መሆን ነበረበት እንጂ 7 ብር ከ50 አይደለም አልኳቸው። ደብተሩን ወደ መስኮቱ አዙረው ሲያዩት ሌላኛው ሌሊት ላይ ደግሞ የቀን ተመን 45 ብር የሚከፈልባትን አንድ ሰዓት ራሳቸው ዘለዋታል።